ሌቮታይሮክሲን

ዘመድ ከውጭ በላከው የታይሮይድ መድኃኒት ካርቶን ላይ በጉልህ የሚታየው የንግድ ስሙ ነው፦ ኢዩታይሮክስ፣ ኤልትሮክሲን ወይም ሲንትሮይድ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው «ሌቮታይሮክሲን» ግን ለሦስቱም አንድ ነው፤ የታይሮይድ ዕጢ በበቂ መጠን ማመንጨት ያቃተውን ሆርሞን የሚተካው ንጥረ ነገር ስም። መፈለግ ያለበት እሱ ነው። በቦታው «ካርቢማዞል» ከተጻፈ መድኃኒቱ ተቃራኒ ነው፤ የበዛውን ሆርሞን ይቀንሳል። ሁለቱን ማምታታት እጅግ ያስፈራኛል።

መጠኑ በማይክሮግራም ይለካል። 1 ሚሊግራም 1000 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ «0.05 ሚሊግራም» እና «50 ማይክሮግራም» እኩል ናቸው። ነጥቧን የዘለለ ሰው ብዙ እጥፍ ሊውጥ ይችላል።

«ለታይሮይድ ድጋፍ» የሚል ማሟያስ? አዮዲን ወይም የደረቀ የእንስሳ ዕጢ ሊኖረው ይችላል፤ ሌቮታይሮክሲንን አይተካም። ፋርማሲስቱ ጋ ስትሄዱ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ካርቶኑንም ያዙ።