የግቢ ፖሊስ መዝገብና የዲኑ ጠረጴዛ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የግቢ ፖሊስ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኒው ሄቨን ከተማ ሁለት ፖሊሶች የዬልን ግቢ እንዲጠብቁ ከተመደቡ ወዲህ፣ ይልቁንም ከ1960ዎቹ የተማሪዎች እንቅስቃሴ በኋላ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ፖሊስ አቋቁመዋል። የማሰር ሥልጣን ከሕግ ያገኛል፤ ደመወዙን ግን የሚቀበለው ከዩኒቨርሲቲው ነው። ፖሊስና ተማሪ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠሩ የስድስት ኪሎ ትዝታ የሚቀሰቀስበት አንባቢ ይህን ልዩነት ልብ ሊል ይገባል። ሁለት ጌታ ያለው ይህ ሰው ሌሊት ያየውንና የሰማውን ጧት ለዲኑ ሊነግር ይችላልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የሰው ሕይወት አስከፍሏል።

በ1969 ክረምት በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ አንድ ተማሪ ወደ ብራዚል የሄደች ወጣት ስትመለስ ሊገድላት ማሰቡን ለሚያክመው የሥነ ልቡና ባለሙያ ተናገረ። ባለሙያው ነገሩን ለግቢው ፖሊስ በቃልም በደብዳቤም አስታወቀ። ፖሊሶቹ ተማሪውን ይዘው አነጋገሩት፤ አእምሮው የተረጋጋ መስሎ ስለ ታያቸው፣ ከልጅቱ እንዲርቅ ቃል አስገብተው ለቀቁት። ከዚያም የሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤው ከፖሊስ እንዲመለስ፣ ቅጂውም እንዲጠፋ አዘዘ። ለልጅቱም ሆነ ለወላጆቿ የነገረ ሰው አልነበረም። ኦክቶበር 27 ቀን 1969 ታቲያና ታራሶፍ ተገደለች። በ1976 የካሊፎርንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደጋ የተጋረጠበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ የአካሚው ግዴታ ነው ሲል ፈረደ፤ ፖሊሶቹን ግን ከተጠያቂነት ነጻ አደረጋቸው። እንግዲህ ወሬው ከሐኪም ወደ ፖሊስ ደርሶ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ግን ቆመ።

ይህ ክርክር በፍርድ ቤት ሳለ፣ በ1974፣ በሴናተር ጄምስ ባክሊ አነሳሽነት የተማሪን የትምህርት መዝገብ ምስጢር የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ወጣ። የሕጉ ዓላማ ቅን ነበር፤ ትምህርት ቤቶች ስለ ልጆች የሚጽፉትን ወላጆች እንዳያዩት ሲከለክሉ፣ ለሌላው ግን ሲያሳዩ ኖረዋልና። ስለ ግቢ ፖሊስ የተጻፈው አንቀጽ ግን እንግዳ ነገር ይዞ ነበር። የፖሊስ መዝገብ ከትምህርት መዝገብ የማይቆጠረው ለብቻው ሲቀመጥ፣ ለሕግ ማስከበር ብቻ ሲውልና ከዚያው ግዛት ሕግ አስከባሪዎች በቀር ለማንም ሳይታይ ሲቀር ነው ይል ነበር። ፖሊሱ መዝገቡን ለዲኑ ካሳየ ይህን ልዩ መብት ያጣል ማለት ነው። ዝምታን በጽሑፍ የሚያዝ ሕግ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግድግዳው የተነቃነቀው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። የደቡብ ምዕራብ ሚዙሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረችው ትሬሲ ባወር፣ የግቢው ፖሊስ የወንጀል ሪፖርት እንዲገለጥላት ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰች፤ በ1991ም ረታች። በማግሥቱ ዓመት ኮንግረሱ አንቀጹን ለወጠው። ከ1992 ጀምሮ የግቢ ፖሊስ ለሕግ ማስከበር ብሎ ያዘጋጀው መዝገብ የትምህርት መዝገብ መሆኑ ቀረ፤ ለዲኑ ማሳየትም ይህን አይለውጠውም።

ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ልማድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሻርም። በ2005 መጸው በቨርጂኒያ ቴክ ስለ አንድ ተማሪ የማያውቅ ቢሮ አልነበረም ማለት ይቻላል። የእንግሊዝኛ መምህራኑ ጽሑፉ አስደንግጧቸው አመልክተዋል፤ ሴቶች ተማሪዎች እያስቸገረን ነው ብለው ለግቢው ፖሊስ ከሰዋል፤ በዲሴምበር ወር ራሱን እንደሚያጠፋ መናገሩ ስለ ተሰማ ፖሊስ ወስዶት ሆስፒታል አድሯል፤ በማግሥቱም ዳኛ በተመላላሽነት እንዲታከም አዟል። ዩኒቨርሲቲው የሚያሳስቡ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚመለከት ኮሚቴ ነበረው፤ ስለዚያች ሌሊት ግን ለኮሚቴው የነገረው አልነበረም። ወላጆቹም አልሰሙም። ኤፕሪል 16 ቀን 2007 ይኸው ተማሪ ሠላሳ ሁለት ሰዎች ገደለ።

የዚያን ዕለት ጧት የሆነውም ሌላ ትምህርት አለው። ሁለቱ የመጀመሪያ ሟቾች ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ በመኖሪያ ሕንጻ ተመቱ። የግቢው ፖሊስ ማስጠንቀቂያ በራሱ የሚያስተላልፍበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ለአስተዳደሩ ነግሮ መጠበቅ ነበረበት። የአስተዳደሩ ጉባኤ ተሰብስቦ መልእክቱ ለተማሪዎች የተላከው በሦስት ሰዓት ከ26 ደቂቃ ሲሆን፣ ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ በኖሪስ ሕንጻ ተኩስ ተከፈተ። የተቀሩት ሠላሳዎቹ የሞቱት እዚያ ነው።

የክፍለ ግዛቱ ገዥ ያቋቋመው መርማሪ ጉባኤ በዚያው ዓመት ኦገስት ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ፖሊሱም ዲኑም የምክር አገልግሎቱም እርስ በርስ ያልተነጋገሩት ሕግ ይከለክለናል ብለው በማመናቸው እንደ ሆነ ገለጠ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ፖሊሱ ያየውን ለዲኑ እንዳይነግር የሚከለክለው አንቀጽ ከተለወጠ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ሰዎቹ ግን በሌለ ግድግዳ ተለያይተው ተቀምጠው ነበር። የሐኪሙ ምስጢር ግን የተለየ ነው፤ ለእርሱ ሌላ ሕግ አለው፤ ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠሩም ከስሕተቱ አንዱ ነበር።

በ2008 ቨርጂኒያ በመንግሥት ኮሌጆች ሁሉ አደጋ ገምጋሚ ቡድን እንዲቋቋም፣ በቡድኑም ፖሊስ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያና የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ እንዲቀመጡ በሕግ አዘዘች። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴርም በዚያው ዓመት ደንቡን አሻሽሎ፣ ጉልህ አደጋ ሲታይ ለሚመለከተው መንገር እንደሚቻል አስረዳ። ይህን በጥርጣሬ የሚያዩ አሉ፤ ምክንያታቸውም አይናቅም። ጭንቀቱን ለመምህሩ የነገረ ተማሪ በማግሥቱ ፖሊስ በሩን ካንኳኳ፣ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። እኔ ግን መነጋገሩን ከሚመርጡት ወገን ነኝ፤ ይኸውም የሚነገረው ነገር በአደጋው ልክ ተለክቶ ሲወጣ ነው።

በአሠራር በኩል አንድ ረቂቅ ነጥብ ይቀራል። የፖሊሱ ሪፖርት በፖሊስ ዶሴ ውስጥ እስካለ ድረስ የፖሊስ መዝገብ ነው። ቅጂው በዲኑ መሳቢያ ሲገባ ግን፣ ያው ወረቀት፣ ያው ቃል፣ የትምህርት መዝገብ ይሆንና የ1974ቱ ሕግ ይጠብቀዋል። ጋዜጠኛው ፖሊሱን ሊጠይቀው ይችላል፤ ዲኑ ግን የራሱን ቅጂ ያለ ተማሪው ፈቃድ እንዲያው አይሰጠውም።