ኦቶፋጂን ማገድና የፕሮስቴት ሕዋሳት ሞት

ኦቶፋጂ ሕዋስ ያረጁ ክፍሎቹን አፍርሶ መልሶ የሚጠቀምበት ሥርዓት ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ አሠራሩን በመፍታታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ተሸልመዋል።

የፕሮስቴት ካንሰር በአብዛኛው የሚያድገው በወንዴ ሆርሞን ነው። ሕክምናው ሆርሞኑን ሲነፍገው ብዙ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ የተረፉት ግን የቤቱን ምሰሶ ለማገዶ እንደሚፈልጥ ችግረኛ የራሳቸውን አካል እየበሉ ይሰነብታሉ። ኦቶፋጂን የሚያግድ መድኃኒት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በወባ መድኃኒትነቱ የሚታወቀው ክሎሮኪን የሕዋሱ መፍጫ ከረጢት የሆነውን የሊሶሶምን አሲድነት አዳክሞ መፍጨቱን ያስተጓጉላል፤ 3-ሜቲላዴኒን ደግሞ ሂደቱን ከጅምሩ ይገታል። ኤልኤንካፕ በተባሉት የቤተ ሙከራ የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሆርሞን መንፈግ ከእነዚህ ጋር ሲጣመር ሞቱ ይበረታል።

ሁሉም የሕዋስ ዝርያ ግን አንድ አይደለም። ዲዩ145 የተባለው ሌላ የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋስ ለኦቶፋጂ የሚያስፈልገው ኤቲጂ5 ፕሮቲን ይጎድለዋል፤ መንገዱ አስቀድሞ የተሰናከለ ነው። ክሎሮኪን ይህን ሕዋስ ቢገድል እንኳ ምክንያቱን ከኦቶፋጂ ውጭ መፈለግ ይገባል።