የአንካራዋ ድመት እና «ንፁህ ዘር» የሚባለው ነገር

«የፋርስ ድመት» የምትባለውን ባለ ረጅም ፀጉር ድመት ሰው ሁሉ ከኢራን የመጣች ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን የዛሬዋን የፋርስ ድመት ከምዕራብ አውሮፓ ድመቶች ተርታ ነው ያገኛት። ስሟም ዘሯም ከአንድ አገር የሆነው ሌላዋ ናት፤ የቱርኳ አንጎራ። አንጎራ ደግሞ አውሮፓውያን አንካራን ይጠሩበት የነበረ ስም ነው።

አንጎራ ቀጠን፣ ዘለግ ያለች ድመት ናት። ፀጉሯ እንደ ሐር የለሰለሰ ነው፤ በአንገቷ ዙሪያና በጅራቷ ላይ ይረዝማል። አንዱ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ የሆነባቸውም አሉ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ዓይነት ድመቶች ከምሥራቅ ወደ ጣሊያንና ፈረንሳይ ገቡ፤ በሀብታሞች ቤትም ተወደዱ። በ1871 ለንደን፣ ክሪስታል ፓላስ ውስጥ ታላቅ የድመት ውድድር ከተካሄደ ወዲህ ግን ምርጫው ተለወጠ። አርቢዎች ደንደን ያለችውን፣ ፀጉረ ጥቅጥቋን የፋርስ ድመት ወደዱ፤ አንጎራን ከእሷ ጋር እያዳቀሉ ጨረሷት። 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ አንጎራ በአውሮፓ ስሟም ጠፋ።

ዝርያው የተረፈው በትውልድ አገሩ ነው። የአንካራ የእንስሳት ማቆያ ድመቶቹን እየጠበቀ ያራባ ጀመር፤ የመረጠው ግን ነጮቹን ነበር። በ1962 አንድ አሜሪካዊ የጦር መኮንንና ባለቤቱ ከዚያ ሁለት ነጭ ድመቶች ይዘው አገራቸው ገቡ። የአሜሪካ የድመት መዝጋቢዎችም አንጎራን ሲቀበሉ ነጯን ብቻ ተቀበሉ። ጥቁሯ፣ ቡናማዋና ዝንጉርጉሯ እስከ 1978 ድረስ ከውድድሩ በር ውጭ ቆዩ፤ አንካራ ተወልደው ያደጉ ቢሆኑም።

ነጭነቱን ጠጋ ብሎ ላየው ደግሞ ሌላ ነገር አለው። የድመትን ፀጉር ሙሉ በሙሉ ነጭ የሚያደርገው ዘረመል ሌሎቹን ቀለሞች አያጠፋቸውም፤ ይሸፍናቸዋል እንጂ። ነጭ እናትና ነጭ አባት ጥቁር ግልገል ሊወልዱ ይችላሉ። ያው ዘረመል ከመስማት ችግርም ጋር የተያያዘ ነው፤ በተለይ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ነጮች ብዙ ጊዜ ደንቆሮ ሆነው ይወለዳሉ። «ንፁህ» ተብሎ ነጭ ከነጭ ጋር ብቻ ሲጣመር ይህ ጉዳት ይበዛል።

እንግዲህ አንጎራን ሁለት ነገር ፈትኗታል። መጀመሪያ ያላዋቂ ፍቅር ከሌላ ጋር ቀላቅሎ ሊያጠፋት ደረሰ። ቀጥሎ ያዳኗት እጆች ራሳቸው ከቀለሞቿ አንዱን መርጠው «እውነተኛዋ ይህች ናት» አሉ። የአንካራ መንደር ድመቶች ግን ማንም ሳይመዘግባቸው በቀለማቸው ሁሉ ሲወልዱ ኖረዋል። ንፁሑን ካልንፁሑ የለየው የመዝጋቢው ብዕር ነው፤ ያ ብዕር ደግሞ በ1978 ሐሳቡን ቀየረ። ድመቷ ግን ያው ድመት ነበረች።