«የጋራ»፣ «የእርስ በርስ»፣ «የሁለትዮሽ»፦ አጠቃቀማቸውና በውል ላይ ያላቸው ልዩነት

«ሚውቹዋል» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ሁለት ወገኖች አንዱ ለሌላው የሚያደርጉትን ወይም የሚሰማቸውን ይገልጻል። በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ «የጋራ» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ እንግሊዝኛው ራሱ «ሁለቱም የሚካፈሉት» የሚለውን ሐሳብ ደርቦ ይይዛልና። ቻርልስ ዲከንስ በ1864 እና 1865 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ባሳተመው ልብ ወለድ ርዕስ ላይ ቃሉን ለሁለት ሰዎች አንድ ወዳጅ ማዋሉ የሰዋስው ተቆርቋሪዎችን አከራክሯል።

ዓረብኛ ሁለቱን ሐሳቦች ይለያል። «ሙሽተረክ» አንድን ነገር ሁለት ሰዎች ሲካፈሉት ነው፦ የጋራ ድንበር፣ የጋራ ጉድጓድ፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ። «ሙተባደል» ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ የሚመለሰውን ያመለክታል፦ አክብሮት፣ እምነት፣ ጥርጣሬም ጭምር። «ሡናኢ»፣ በአማርኛ «የሁለትዮሽ»፣ የሚቆጥረው የወገኖቹን ብዛት ብቻ ነው። ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ሠራተኞች የተፈራረሙት ስምምነት የሁለትዮሽ የተባለው ፈራሚዎቹ ሁለት መንግሥታት በመሆናቸው ነው፤ ግዴታዎቹ እኩል መሆን አለመሆናቸውን ቃሉ አይናገርም። «አጸፋዊ»ም ቅርብ ቃል ነው። ሆኖም ከሰላምታ አጸፋ በቀር ዛሬ ጆሮ የለመደው የበቀልን እርምጃ ስለሆነ በወዳጅነት ጽሑፍ ውስጥ አይመችም። «የእርስ በርስ»ንም ጦርነት ወርሶታል።

አማርኛ ለዚህ ሐሳብ ቅጽል ያነሰው ግሱ ውስጥ ስለሚያኖረው ነው። ወደደ፣ ተዋደዱ፤ አመነ፣ ተማመኑ፤ ገባው፣ ተግባቡ። ዓረብኛም በ«ተፋዐለ» ሚዛን እንዲሁ ያደርጋል፦ «ተዓዉን» መተጋገዝ፣ «ተፋሁም» መግባባት ነው። መንግሥታት የሚፈራረሙት «የመግባቢያ ሰነድ» በሁለቱም ቋንቋ አጸፌታውን በቃሉ ውስጥ ይዟል። ስለዚህ «የጋራ መከባበር» ከማለት «መከባበር» ብቻ ማለት ይበቃል።

የገጠሩ ኑሮ ልዩነቱን ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ያስረዳል። በወንፈል ዛሬ የአንዱ ማሳ ሲታረስ ነገ የሌላው ይታረሳል፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። በደቦ ግን የጠራው ሰው ምግብና መጠጥ አቅርቦ ሥራውን ያሠራል፤ የተቆጠረ ብድር የለበትም። ሁለቱም በጋራ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ «ሙተባደል» የሚባለው ግን ወንፈል ነው።

ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ የምትገኘው ባሕራም በዚህ ረገድ የምትጠቀስበት ሰነድ አላት። ኅዳር 1 ቀን 1925 እ.ኤ.አ. በባሕራ ሰፈር የነጅድ ሱልጣን ዓብዱልዓዚዝ እና የብሪታንያው ልዑክ ሰር ጊልበርት ክሌይተን የነጅድንና የኢራቅን ጎሣዎች ጉዳይ የሚመለከት ስምምነት ተፈራረሙ። ከኢራቅ ወደ ነጅድ የሚደረግ ወረራም፣ ከነጅድ ወደ ኢራቅ የሚደረገውም እኩል ጥቃት ተብሎ ተደነገገ፤ ጉዳዩን የሚያይ ችሎትም ከሁለቱ ወገን እኩል ቁጥር ባላቸው ተወካዮች እንዲቋቋም ተወሰነ። ይህን «የጋራ ግዴታ» ብሎ መተርጎም ደካማ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን ለሌላው የገባው ግዴታ ነውና።

ልዩነቱ ለሠራተኛው የሚያስፈልገው በሥራ ውል ላይ ነው። በመሰናበቻ ወረቀት ላይ «ቢተራዲ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ይህም የ«ረዲየ»፣ ማለትም የመፍቀድ፣ «ተፋዐለ» ነው። «በጋራ ስምምነት» ተብሎ ሲተረጎም የተለመደ የጽሕፈት ቤት ቀመር ይመስላል። ትክክለኛ ፍቺው «ሁለቱም ፈቅደው» ነው፤ ሠራተኛው ራሱ መልቀቅ ፈልጓል ማለት ነው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 74 ውል በሁለቱ ወገኖች ስምምነት እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ የሠራተኛው ፈቃድ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። ያለ ሕጋዊ ምክንያት ለተቋረጠ ውል ካሳን የሚመለከተው ደግሞ አንቀጽ 77 ነው። አሠሪው ያሰናበተው ሰው «ቢተራዲ» በሚል ወረቀት ላይ ከፈረመ፣ ካሳ ሲጠይቅ የገዛ ፊርማው ይቀርብበታል። ተርጓሚ ስለዚህ «አሠሪውና ሠራተኛው ሁለቱም ፈቅደው ውሉን አቋርጠዋል» ብሎ ዘርዝሮ ቢጽፍ ይመረጣል፤ ረዘም ቢልም ፈራሚው ምን እንደሚፈርም ያውቃል። የቤት ሠራተኞች ከዚህ ሕግ ውጭ በተለየ ደንብ ስለሚተዳደሩ የአንቀጾቹ ቁጥር ለእነርሱ አይሠራም፤ የቃሉ ፍቺ ግን ያው ነው።