የውሃ ምልክትና ቁጥሩ



በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ የቱንም ያህል ቁም ነገር ቢይዝ፥ በተፈለገ ጊዜ ስለማይገኝ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ዛሬ የምናወሳላችሁ የጥንት ግብጻውያን ጽሕፈት ከብዙ ዘመን በኋላ እንዴት ቁጥር አግኝቶ ከመዝገብ እንደ ገባ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ግብጻውያን የውሃን ሞገድ ወጣ ገባ በሚል አንድ መስመር ይሥሉ ነበር፤ ሲያነቡትም ድምፁ «ን» ነበር። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያገለገለው ይህ የሥዕል ጽሕፈት፥ እስካሁን የታወቀው የመጨረሻ ጽሑፉ በፊሌ ደሴት ቤተ መቅደስ በ394 ዓ.ም. ተቀረጸ። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ቆመ፤ አንባቢው ግን ጠፋ። በ1822 ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን፥ በ1799 በተገኘው የሮዜታ ድንጋይና በቅብጥ ቋንቋ ዕውቀቱ ተረድቶ ምሥጢሩን ፈታ። በ1927ም እንግሊዛዊው አላን ጋርዲነር በሰዋስው መጽሐፉ ምልክቶቹን በየወገናቸው ለይቶ ዘረዘረ።

ኮምፒዩተር ግን ሥዕልን በቁጥር እንጂ በመልኩ አያውቅም። ስለዚህ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በ2009 ለ1071 የግብጽ ምልክቶች ቁጥር ሰጠ፤ የውሃው ሞገድ 78358ን አገኘ። ጸሓፊዎቹ ምልክቶችን እየደራረቡ ይጽፉ ስለነበር፥ አደራረቡን የሚያመለክቱ ትእዛዞች በ2019 ታከሉ፤ በ2024ም 3995 ተጨማሪ ምልክቶች ተመዘገቡ።

ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ሴማውያን ይህን የውሃ ሥዕል ወስደው በቋንቋቸው የውሃ ስም መነሻ ድምፅ «ም» አሉት። ፊደሉ በደቡብ ዓረብ ጽሕፈት በኩል አልፎ የእኛ «መ» ሆነ፤ በግዕዝም የፊደሉ ስም «ማይ» ነው፤ ማይ ማለት ውሃ ነው። «መ» በዚያው መዝገብ ቁጥሩ 4632 ሲሆን፥ የገባውም በ1999 ነው፤ ልጅ ከአያቱ ዐሥር ዓመት ቀደመ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ መኪና የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ ቁጥር ፊደልን ከመጥፋት ይጠብቀዋል፤ አንባቢ ግን አይወልድለትም። የፊሌ ድንጋይ ሳይፈርስ ዝም ያለው የሚያነበው በመታጣቱ ነው። ፊደላችን ከመዝገብ ገብቷል፤ ለልጆቻችን ማስተማሩ የእኛ ፈንታ ነው።