ከድብ ጋር መጎራበት፦ የትሬንቲኖና የአብሩዞ ነዋሪዎች

ቡኒ ድብ በጣሊያን ዛሬ በዋናነት የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፦ በሰሜን በአልፕስ ተራሮች ላይ በትሬንቲኖ ራስ ገዝ አውራጃ፣ በመካከለኛው ጣሊያን ደግሞ በአፔኒን ተራሮች ላይ በአብሩዞና በአካባቢው። ድብ ማደን ከ1939 ጀምሮ (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በአገሪቱ ክልክል ነው። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ የጎረቤቶቹ ስሜት ግን ለየቅል ነው። በትሬንቲኖ ብዙ ሰው ድብን ይፈራል፣ በጉዳዩም ይቆጣል። በአብሩዞ ድብ ሲሞት መንደሩ ያዝናል።

ትሬንቲኖ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ የቀሩት ድቦች ሦስት ወይም አራት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም አርጅተው መውለድ አቁመው ነበር። የአዳሜሎ ብሬንታ የተፈጥሮ ፓርክ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እየተደገፈ «ላይፍ ኡርሱስ» የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረና ከ1999 እስከ 2002 ድረስ 10 ድቦች፣ ማለትም ሦስት ወንዶችና ሰባት ሴቶች፣ ከስሎቬኒያ አምጥቶ ለቀቀ። ከዚያ በፊት በ1997 የአካባቢው ሕዝብ ተጠይቆ ነበር። ከ1,500 በላይ ነዋሪዎች አስተያየት ሰጥተው ከ70 በመቶ የሚበልጡት ድቦቹ ይምጡ አሉ። የተጠየቁት ግን ስለማያውቁት ጎረቤት ነበር፤ አብዛኞቹ በሕይወታቸው ድብ አይተው አያውቁም። የታቀደው በጥቂት አሥርት ዓመታት ከ40 እስከ 60 አዋቂ ድቦች እንዲኖሩ ነበር። በ2020ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ግልገሎቹን ጨምሮ ወደ 100 ደረሰ።

ትሬንቲኖ ሰው የራቀው ጫካ አይደለም። በቫል ዲ ኖንና በቫል ዲ ሶሌ ሸለቆዎች የፖም ማሳው ከመንደሩ፣ መንደሩም ከጫካው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰው እንጉዳይ ሊለቅም፣ ሊሮጥ፣ በጎቹን ሊያይ በየቀኑ ወደ ጫካው ይወጣል። ድብ ለብዙ ዘመን ተመናምኖ በመኖሩ በጎችን ያለ እረኛና ያለ ውሻ ተራራ ላይ ለቆ መሄድ ልማድ ሆኗል። ድቦቹ ሲበዙ በመጀመሪያ የተጎዱት በግ አርቢዎችና ንብ አናቢዎች ናቸው። ድብ ቀፎ ሲያገኝ ማሩን ብቻ ልሶ አይሄድም፤ ሳጥኑን ገልብጦ፣ ሰፈፉን ሰባብሮ እጮቹን ጭምር ይበላል። አውራጃው ለጉዳቱ ካሳ ይከፍላል፣ ለኤሌክትሪክ አጥርም ድጋፍ ይሰጣል። አጥሩ ግን ተተክሎ የሚተው ነገር አይደለም። ከሥሩ የሚበቅለው ሣር ሽቦውን ሲነካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይወርዳልና ባለቤቱ በየጊዜው ማጨድ፣ ባትሪውንም ማየት አለበት። ያ ድካም በካሳው ስሌት ውስጥ አይገባም፤ የቅሬታው አንዱ ሥር ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ስሜቱ የከረረው ሰው ሲጎዳ ነው። በ2014 ዳኒዛ የተባለች ግልገሎች ያሏት ድብ እንጉዳይ የሚለቅም ሰው አቆሰለች፤ ለመያዝ በተወጋችው ማደንዘዣ ስትሞት በመላ ጣሊያን ቁጣ ተነሣ። በ2020 «ጄጄ4» የሚል መለያ ያላት ድብ በፔለር ተራራ አንድ አባትና ልጁን አጠቃች። አውራጃው እንድትገደል አዘዘ፣ ፍርድ ቤት ትእዛዙን አገደ። ይህችው ድብ በሚያዝያ 2023 ካልዴስ በተባለው መንደር አጠገብ ሲሮጥ የነበረ የ26 ዓመት ወጣት ገደለች። በዘመናዊቷ ጣሊያን የዱር ድብ ሰው ገደለ ተብሎ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። የሟቹ ቤተሰብ በአደባባይ የወቀሱት አስተዳደሩን እንጂ ድቧን አልነበረም። አደጋው እየታወቀ ዝም ተባልን የሚለው ስሜት ከዚያ በኋላ በሸለቆው ሁሉ ተዛመተ።

በ2024 የአውራጃው ምክር ቤት በዓመት እስከ ስምንት ድቦች እንዲገደሉ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች በጽኑ ተቃወሙት። በዚያው ዓመት መገባደጃ የቫል ዲ ሶሌ ነዋሪዎች በራሳቸው ተነሣሽነት የሕዝብ ድምፅ አዘጋጁ። ድብንና ተኩላን የመሰሉ ትልልቅ አዳኞች ሰው በሚኖርበት አካባቢ መገኘታቸው ለደኅንነት ከባድ አደጋ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ቀረበ። ድምፅ መስጠት ከሚችለው 63 በመቶ ያህሉ ወጣ፤ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው «አዎ» አለ። ውጤቱ በሕግ ማንንም አያስገድድም። ከ1997ቱ መልስ አጠገብ ሲቀመጥ ግን አንድ ትውልድ ባልሞላ ጊዜ ምን ያህል እምነት እንደጠፋ ያሳያል።

አብሩዞ ውስጥ ድብ ጠፍቶ አያውቅም። የማርሲካ ድብ የሚባለው ንዑስ ዝርያ የሚኖረው በዚህ አካባቢ ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት 50 ገደማ ናቸው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የአብሩዞ፣ የላዚዮና የሞሊዜ ብሔራዊ ፓርክ ምልክቱ ያደረገው ይህንኑ ድብ ነው። የአካባቢው እረኛ ከመንጋው አልተለየም፤ ነጫጭ ግዙፍ የማሬማ ውሾቹንም፣ አንገታቸው ላይ ሾል ያለ ብረት ያለበት ማሰሪያ እያሰረ፣ ከበጎቹ ጋር ማሳደሩን አልተወም። ድቡም ሰው ሲያይ መሸሽ ይመርጣል፤ ሰው ገደለ የሚል ዘገባ የለበትም። ስለዚህ የአብሩዞ ሰው ከድብ ጋር መኖርን እንደ አዲስ መማር አላስፈለገውም።

ፍቅሩም ግን የራሱ አደጋ አለው። አማሬና የተባለችው ድብ በ2020 አራት ግልገሎች ይዛ በመንደሮቹ መካከል ስትዘዋወር ሰው ሊያያት ይጎርፍ ነበር። ከልጆቿ አንዱ ጁዋን ካሪቶ ሰው ለመደ። ሮካራዞ ከተማ ገብቶ ዳቦ ቤት ሰብሮ ብስኩት በላ፤ ራቅ ወዳለ ተራራ ቢወስዱትም ተመልሶ መጣ። እናቱ አማሬና በነሐሴ 2023 መጨረሻ ሳን ቤኔዴቶ ዴይ ማርሲ በተባለ ከተማ ዳርቻ ሁለት ግልገሎቿን አስከትላ ሳለ በጥይት ተገደለች። የተኮሰው ሰው ፈርቼ ነው አለ፤ ሕዝቡ ግን አዘነላት።

ፔቶራኖ ሱል ጂትሲዮ የተባለችው ትንሽ ከተማ ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ መንገድ ጀምራ ነበር። በዚያም አንዲት ድብ ዶሮ ቤቶችን እየሰበረች አስቸግራ፣ በ2014 አንድ ድብ በጥይት ከተገደለ በኋላ በጎ ፈቃደኞችና የአካባቢው ጥብቅ ሥፍራ ጠባቂዎች በየዶሮ ቤቱና በየቀፎው የኤሌክትሪክ አጥር ተከሉ፣ ድብ የማይከፍተው የቆሻሻ መጣያ አደሉ፣ ከመንደር ራቅ ብለው የተተዉ የፖም ዛፎችንም ገርዘው እንደገና እንዲያፈሩ አደረጉ። ድቡ በተራራው ምግብ ሲያገኝ፣ ዶሮውም ሲጠበቅ፣ የሰዉ ንዴት በረደ። ትሬንቲኖ መጀመር የነበረበት ከዚህ ነበር፤ ድቦቹ ከመለቀቃቸው በፊት።

ወደ እነዚህ ተራሮች የሚሄድ እንግዳ ውሻውን ይሰር፣ የምግብ ትራፊ አይጣል፣ ግልገል ቢያይ ፎቶ ለማንሣት አይጠጋ። ሲመሽ ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ጁዋን ካሪቶን በጥር 2023 በካስቴል ዲ ሳንግሮ አቅራቢያ የገደለው መኪና ነው።