ጋዜጣው ወይስ ጦማሩ? የመታመን አጭር ታሪክ

ስለ ታሪክ ምንጮች አመዛዘን በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ ከጋዜጣ ስንጠቅስ ዝም ይሉናል፤ ከጦማር ስንጠቅስ ግን ነጥብ ይቀንሱብናል። ልዩነቱ ምንድን ነው?» እኔም ብዙ ሳላስብ «ጋዜጣ አርታኢ አለው» ብዬ መለስኩላት። ተማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ ክፍሉም ቀጠለ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን መልሴ ራሴኑ አላጠገበኝም። አርታኢ ያለው ሁሉ ይታመናልን? አርታኢ የሌለውስ ሁሉ ይዋሻልን? ዛሬ ለውድ አንባብያን የማቀርበው ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

ክርክሩ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ። የአሜሪካን ታሪክ በተመለከተ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አንዲት ምሽት በ2004

ሴፕቴምበር 8 ቀን 2004 ምሽት፣ ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ትልቅ ዜና ይዞ ቀረበ። አቅራቢው ከ1981 ጀምሮ የጣቢያውን የምሽት ዜና ሲመሩ የኖሩት ዳን ራዘር ነበሩ። ዜናው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በወጣትነታቸው በቴክሳስ የአየር ብሔራዊ ዘብ ውስጥ ግዴታቸውን በአግባቡ እንዳልተወጡ ያሳያሉ የተባሉ ማስታወሻዎችን ይዟል። ማስታወሻዎቹን በ1972 እና በ1973 የጻፏቸው የያኔው አለቃቸው ሌተና ኮሎኔል ጄሪ ኪሊያን ናቸው ተባለ። ኮሎኔሉ ደግሞ በ1984 አርፈዋል፤ ተጠርተው አይጠየቁም።

ገና እኩለ ሌሊት ሳይሞላ «በክሄድ» በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ ሰው በአንድ የወግ አጥባቂዎች ድረ ገጽ ላይ ጥያቄ አነሳ። የማስታወሻዎቹ ፊደላት እንደ ስፋታቸው የተለያየ ቦታ ይይዛሉ፤ በዚያን ዘመን የነበሩት የተለመዱ የቢሮ የጽሕፈት መኪናዎች ግን ለጠባቡም ለሰፊውም ፊደል እኩል ቦታ ነበር የሚሰጡት፤ ስለዚህ ሰነዱ ያጠራጥራል አለ። በማግሥቱ «ፓወር ላይን» የተባለው ጦማር ነገሩን አራገበው። የሌላው ጦማር ባለቤት ቻርልስ ጆንሰን ደግሞ አንዱን ማስታወሻ በራሱ ኮምፒውተር፣ በማይክሮሶፍት ወርድ ላይ፣ ምንም ሳይቀይር ገለበጠውና ከሰነዱ ጋር ደራርቦ አሳየ። መስመሮቹ ገጠሙ። ከቁጥር በኋላ ከፍ ብላ የምትቀመጠው ትንሿ «ቲኤች» እንኳ በቦታዋ ተገኘች።

ጣቢያው ለቀናት ያህል ዘገባውን ደግፎ ቆመ። ሴፕቴምበር 20 ቀን ግን የሰነዶቹን ትክክለኛነት ማረጋገጥ እንደማይችል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። በጃንዋሪ 2005 በቀድሞው የፍትሕ ሚኒስትር ዲክ ቶርንበርግና የአሶሺየትድ ፕሬስ ኃላፊ በነበሩት ሉዊስ ቦካርዲ የተመራው ገለልተኛ ቡድን ሪፖርቱን አወጣ። የዘገባዋ አዘጋጅ ተባረረች፤ ሦስት ኃላፊዎች እንዲለቁ ተጠየቁ፤ ራዘርም በማርች 2005 ከምሽት ዜናው ወንበር ተነሡ።

የፒጃማው ክርክር

በዚያው ሰሞን ጆናታን ክላይን የተባሉ የጣቢያው የቀድሞ ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው ክርክሩን በአንድ ምስል ቋጩት። በአንድ በኩል ሥራው በብዙ እጅ የሚፈተሽ የዜና ክፍል አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በፒጃማው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ያሻውን የሚጽፍ ሰው አለ አሉ። ጦማርያኑ ስድቡን እንደ ሹመት ተቀበሉት፤ ጥቂት ቆይቶም አንዳንዶቹ «ፒጃማስ ሚዲያ» የሚል ድርጅት አቋቋሙ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ትንሹ ዳዊት ግዙፉን ጎልያድ እንደጣለበት ገድል ነው። የታሪክ ባለሙያ ግን ገድልን ሲሰማ ቆም ማለት አለበት። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል።

አንደኛ፣ «በክሄድ» ድንገት የተገኘ ገለልተኛ ዜጋ አልነበረም። በኋላ ሎስ አንጀለስ ታይምስ አጣርቶ እንደዘገበው፣ ከወግ አጥባቂ ማኅበራት ጋር ግንኙነት የነበረው የአትላንታ ጠበቃ ነበር። ሁለተኛ፣ ጥርጣሬውን የቀሰቀሱት ጦማርያን ቢሆኑም ሥራውን የጨረሱት ጋዜጦች ናቸው። ዋሽንግተን ፖስት ባለሙያዎችን አነጋገረ፤ ዳላስ ሞርኒንግ ኒውስ የኮሎኔሉን የቀድሞ ጸሐፊ ቤቷ ድረስ ሄዶ አገኘ። አሮጊቷም ማስታወሻዎቹን እንዳልተየበች፣ ነገር ግን ይዘታቸው በዚያን ጊዜ ይነገር የነበረውን እንደሚመስል ተናገረች። ሦስተኛ፣ ገለልተኛው ቡድን «ሰነዶቹ ፎርጅድ ናቸው» የሚል የመጨረሻ ፍርድ አልሰጠም፤ ያለው ጣቢያው ሳያረጋግጥ አስተላልፏል ነው። በሌላ አነጋገር ጥፋቱ ከሰነዱ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነበር።

ጋዜጣ መቼ ታመነ?

ጋዜጠኞቹ በክርክሩ ውስጥ የሚያነሡት ሐሳብ በተዘዋዋሪ የሚለው ጋዜጣ ከጥንት ጀምሮ የታመነ፣ ጦማር ደግሞ ትናንት የበቀለ አረም ነው። ታሪክ ግን ይህንን አይመሰክርም።

በቅኝ ግዛቷ አሜሪካ የመጀመሪያ የሚባለው ጋዜጣ በ1690 በቦስተን ታትሞ ከአንድ እትም በኋላ ተዘጋ፤ ያለ ፈቃድ በመውጣቱና በይዘቱ ባለሥልጣናቱን በማስቆጣቱ ነበር። በ1787 እና በ1788 ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ጥብቅና የቆሙት 85 መጣጥፎች «ፐብሊየስ» በሚል የብዕር ስም ነው የወጡት፤ ከጀርባው ሃሚልተን፣ ማዲሰንና ጄይ ነበሩ። ዛሬ «ስሙን የሚደብቅ አይታመንም» የሚሉ ሰዎች ይህንን ማስታወስ አለባቸው። በ1790ዎቹ ጋዜጦች የፓርቲ ልሳኖች ነበሩ፤ ስድባቸውም የዛሬውን ያስንቃል። ጄምስ ካለንደር የተባለው ጸሐፊ በ1802 ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ሳሊ ሄሚንግስ ከተባለች ባሪያቸው ልጆች ወልደዋል ብሎ ጻፈ። ካለንደር ሹመት ተከልክሎ ቂም የያዘ፣ ጠጪና ተሳዳቢ ስለነበር ቃሉን የተከበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ዘመን ናቁት። በ1998 የተደረገው የዘረ መል ምርመራ ግን ነገሩን አጠናከረ፤ ዛሬ አብዛኞቹ የዘርፉ ምሁራን ይቀበሉታል። ክፉ ምንጭ አንዳንዴ እውነት ይናገራል ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ኒውዮርክ ሰን በ1835 በጨረቃ ላይ ክንፍ ያላቸው ሰዎች ታዩ የሚል ተከታታይ ዘገባ አውጥቶ በብዙ ሺህ ሸጧል። ጋዜጠኝነት እንደ ሙያ መከበር የጀመረው ከዚህ እጅግ ዘግይቶ ነው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ሲሆን፣ የአሜሪካ ጋዜጣ አርታኢዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንቡን ያጸደቀው በ1923 ነው። እንግዲህ ጦማርያን በመጡ ጊዜ ያ የሚመካበት ተዓማኒነት ዕድሜው አንድ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

የሁለቱም ኃጢአት

ያም ተዓማኒነት ቢሆን እየተሸረሸረ ነበር። በሜይ 2003 ኒውዮርክ ታይምስ ጄሰን ብሌር የተባለ ዘጋቢው ያልሄደበትን ሄድኩ እያለ፣ ያልተነገረውን ተነገረ እያለ ይጽፍ እንደነበር በራሱ ገጾች ላይ በዝርዝር አጋለጠ። በወሩ ዋናው አዘጋጅና ምክትላቸው ለቀቁ። በሜይ 2004 ደግሞ ይኸው ጋዜጣ ከኢራቅ ጦርነት በፊት ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ያወጣቸው አንዳንድ ዘገባዎች በቂ ጥንቃቄ እንደጎደላቸው ለአንባቢ አመነ። የመጀመሪያው ስሕተት የአንድ ሰው ውሸት ነው፤ ሁለተኛው ግን በእነዚያ ሁሉ አርታኢዎች እጅ አልፎ የወጣ ነው። ስንት ነፍስ እንደጠፋበት አንባቢ ያውቃል።

ጦማርያኑም ንጹሐን አይደሉም። በ1997 ማት ድራጅ የዋይት ሐውስ ባለሥልጣን የነበሩት ሲድኒ ብሉመንታል ሚስታቸውን ይደበድባሉ ብሎ ሐሰት ጽፎ ማንሣት ግድ ሆኖበታል። ይኸው ሰው በጃንዋሪ 1998 ኒውስዊክ አዘግይቶት የነበረውን የክሊንተንንና የሌዊንስኪን ጉዳይ ቀድሞ አወጣው፤ ያም እውነት ሆነ። በኖቬምበር 2004 በምርጫው ዕለት በርካታ ገጾች ከምርጫ ጣቢያ በር ላይ የተሰበሰበ ያልበሰለ አኃዝ እያወጡ ጆን ኬሪን አሸናፊ አስመስለው ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረኝ ግን በ2011 የሆነው ነው። ከደማስቆ የምትጽፍ አንዲት ወጣት ሶርያዊት ጦማሪ በዓለም ዙሪያ ታወቀች፤ ታላላቅ ጋዜጦች ጠቀሷት፤ ታፍናለች ሲባልም ዘገቡ። በኋላ ሲጣራ ጸሐፊው በስኮትላንድ የሚማር አሜሪካዊ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ያጣሩትም ጦማርያንና ጋዜጠኞች አንድ ላይ ሆነው ነው። ጦማሩ ዋሸ፣ ጋዜጣው ሳያጣራ ተቀበለ፣ እውነቱን ያወጡት ግን ከሁለቱም ወገን የተገኙ ተጠራጣሪዎች ናቸው።

በእኛ ቤት

«ጦማር» የሚለው ቃል በግእዝ ደብዳቤ፣ የተጻፈ መልእክት ማለት ነው። ብሎግ ለሚባለው አዲስ ነገር ይህን የቆየ ስም መስጠታችን ያስደስተኛል፤ ደብዳቤ ሁልጊዜ ጸሐፊና ተቀባይ አለውና።

የእኛ ታሪክ ከአሜሪካው በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። የግል ጋዜጦች በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ተስፋፉ፤ ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ አዘጋጆቻቸውም ታሰሩ። በግንቦት 1998 ደግሞ በርካታ ጦማሮች በሀገር ውስጥ እንዳይከፈቱ ተደረገ። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በሐምሌ 2007 የአምስቱ ክስ ተቋረጠ፤ በጥቅምት 2008 ፍርድ ቤት የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። እነሆ፣ የአሜሪካ ጋዜጠኛና ጦማሪ «ማን ይታመን?» እያሉ ሲከራከሩ፣ የእኛዎቹ በአንድ መዝገብ ተከሰሱ። ከ260 በላይ የታገዱ ድረ ገጾች የተከፈቱት በሰኔ 2010 ነው።

የእገዳው ጉዳት ዝምታው ብቻ አልነበረም። የተከለከለ ነገር ሁሉ እውነት መምሰሉ ሌላው ጉዳት ነው። በግልጽ የማይነበብ ጽሑፍ በግልጽ አይመረመርም፤ በሹክሹክታ የመጣ ወረቀት ማኅተሙ ሹክሹክታው ይሆናል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። በ1997 መጀመሪያ ገና ረዳት መምህር ሳለሁ፣ ከውጭ ሀገር ድረ ገጽ የታተመ ነው የተባለ የደብዳቤ ቅጂ በግቢያችን ተሠራጨ። ደብዳቤው የአንድ ባልደረባችንን ስም ጠቅሶ «መረጃ አቀባይ» ይለዋል። አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣም አወጣው። እኔም በሻይ ሰዓት ለተሰበሰቡ ጓደኞቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ ወሬ ይቋረጥ ጀመር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ለአንድ አረጋዊ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቀኑን ብቻ አዩና ሣቁ። «ልጄ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1996 ይላል። 1996 እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ስድስተኛዋ ጳጉሜን በሉቃስ ማብቂያ እንጂ በዮሐንስ ከወዴት መጣች?» አሉኝ። የታሪክ ተማሪው እኔ፣ ካልተፈጠረ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ለሰው አንብቤ ነበር!

ለጥቂት ጓደኞቼ ነገርኳቸው። ለሁሉም ግን አልነገርኩም፤ አፍሬ ነበር። ጋዜጣውም እርማት አላወጣም፤ ድረ ገጹም አላነሣውም። ባልደረባችን በዓመቱ መጨረሻ ሥራውን ለቅቆ ሄደ። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ ነበር፤ አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ ለተማሪዬ የምሰጣት መልስ ይህ ነው። ጋዜጣም ሆነ ጦማር በስሙ አይታመንም። ሦስት ጥያቄ ጠይቂው፦ ማስረጃውን አንቺ ራስሽ እንድታዪው ያቀርባልን? ጸሐፊው ከነገሩ ምን ይጠቀማል? ሲሳሳትስ ስሕተቱን ባወጣበት ቦታና በዚያው ድምፅ ያርማልን? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ዳን ራዘርን ከወንበራቸው ያስነሣው አሠራር ጨካኝ ቢመስልም፣ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እርማት አስገኝቷል። የእኛ ስድስተኛ ጳጉሜን ግን እስከ ዛሬ አልታረመችም፤ ይህ ጽሑፍ ምናልባት የመጀመሪያው እርማት ነው።

ነጥቡንም እመልስልሻለሁ።

ቸር እንሰንብት።